ስለ ሞቱት ዓሦች የጠየቀችኝ ልጅ

በቅርቡ ከባሕር ዳር አንዲት የዓሣ ሀብት ተማሪ ጻፈችልኝ። ብዙ ወጣቶች ይጽፉልኛል፤ የአብዛኞቹ ጥያቄ ደመወዝና ቪዛ ነው። አንዳንዱም አጭር ቪዲዮ አይቶ በማግስቱ ደብረ ብርሃን ላይ ሳልሞን የሚባለውን የቀዝቃዛ ውኃ ዓሣ ላርባ ይለኛል። እርሷ ግን «ጋሼ፣ እዚያ ሲሠሩ ስንት ዓሣ ሞተባችሁ?» አለችኝ። ኖርዌይ ውስጥ በየብስ ላይ፣ ውኃውን እያጣራን መልሰን በምንጠቀምበት ገንዳ ሳልሞን በማርባት ስሠራ ይህን የጠየቀኝ ጋዜጠኛም ባለ ገንዘብም አልነበረም። መልሴን ለእርሷ ብቻ ከማደርገው ለሁላችሁም ልጻፈው።

እርባታው ለምን ከባሕር ወደ የብስ እንደወጣ ታውቁታላችሁ ብዬ ልለፈው፤ ዓሣው ላይ የሚጣበቅ የባሕር ቅማል፣ ከመረብ የሚያመልጥ ዓሣ፣ ወደ ባሕሩ የሚወርድ ኩስ። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ2016 የየብስ እርባታ ፈቃድ ያለ ክፍያ መስጠት ስትጀምር በየፊዮርዱ፣ ባሕር በገባበት ጠባብ ሸለቆ ሁሉ፣ እቅድ ፈላ። ካናዳም በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ጠረፍ ያለውን የመረብ እርባታ እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ለመዝጋት ወስናለች። ሥራው ወደፊት አለው ወይ ለምትሉኝ፣ አለው። ግን ገንዘቡ ከዓሣው ፈጥኖ ማደግ ይፈልጋል። ሳልሞን ከእንቁላል እስከ ገበያ ሁለት ዓመት ያህል ይፈጃል። ከዓሣው በፊት ደግሞ ውኃውን የሚያጠራው ባክቴሪያ አለ፤ ከዓሣው የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት የሚቀይረው። በቀዝቃዛና ጨዋማ ውኃ ውስጥ እርሱ እስኪጠና ወራት ይሄዳል። ባለ አክሲዮን የሚሰበሰበው ግን በየሩብ ዓመቱ ነው።

እኛ ዘንድ የሆነውም ከዚሁ የመጣ ነው። የድርጅቱን ስም አልጠራም። የመጀመሪያው ሕንፃ አንድ ትውልድ ዓሣ እንኳ ለገበያ ሳያደርስ የሁለተኛው መሠረት ሊጣል ነበር፤ ባለ አክሲዮኖች ለጉብኝት ይመጣሉ ተብሎ መኖው ከታቀደው በላይ ጨመረ። መኖ ሲጨምር ኩስ ይጨምራል፤ ኩሱ የውኃው ፍጥነት በሚደክምበት የቧንቧ ክርን ላይ ይተኛል። ቧንቧው ይታጠብ የሚል ጥያቄ ከነእኔ ክፍል ቀርቦ ነበር፤ የተሰጠው መልስ ከጉብኝቱ በኋላ የሚል ነው።

የካቲት ነበር፤ ውጭው በረዶ። የሌሊት ተረኛው ጡረታው የተቃረበ የቀድሞ ዓሣ አጥማጅ ነው። እኩለ ሌሊት አልፎ ደወለልኝና «አይበሉም» አለኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። ኮምፒውተሬን ከፈትሁ። ሙቀቱ ልክ ነው፣ ጨዋማነቱ ልክ ነው፣ መስመሩ ሁሉ አረንጓዴ። ኦክስጅኑ እንዲያውም ከወትሮው ከፍ ብሏል። ደስ የሚል ቁጥር ነው፤ ትርጉሙን የምታውቁት ግን ገንዳው አጠገብ ስትቆሙ ነው። ኦክስጅኑ የተረፈው የሚተነፍሰው ዓሣ ስላነሰ ነበር።

ስደርስ ሽማግሌው የፓምፑን ጉድጓድ ክዳን አንሥቶ ተንበርክኮ ያሸታል። የበሰበሰ እንቁላል። የባሕር ውኃ ሰልፌት አለው፤ አየር በማያገኝ ኩስ ውስጥ ያለ ሌላ ዓይነት ባክቴሪያ ያንን ወደ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይለውጠዋል። በአንድ ሊትር ውኃ በማይክሮ ግራም የሚለካ መጠን ዓሣን ይጎዳል። ኩሱ ከክርኑ ሲነሣ ጋዙ አብሮት ወጥቶ ነበር። መኖ አቆምን፣ አዲስ የባሕር ውኃ ለቀቅን፤ አንዱን ገንዳ ማዳን አልተቻለም። በጎናቸው እየተንሳፈፉ ነጭ ሆዳቸው የገንዳውን ፊት ሸፈነው። በማግስቱ ቀኑን ሙሉ በመንጠቆና በመረብ እያወጣን ወደ መፍጫው ጨመርናቸው። የተፈጨው ከፎርሚክ አሲድ ጋር ተቀላቅሎ በታንከር ይወሰዳል። የዚያ አሲድ ጠረን ከጃኬቴ አልለቀቀኝ ብሎ ጃኬቱን ጣልሁት።

የሚቆጨኝ የዓሣው ሞት ብቻ አይደለም። ከአደጋው በኋላ ቧንቧው የት እንደታጠፈ፣ ኩሱ ለምን ያህል ጊዜ እንደተኛ፣ ምልክቱ በየትኛው ሰዓት እንደታየ የሚያሳይ ጥሩ ዘገባ ተጽፎ ነበር። የኢንሹራንስና የሕግ ሰዎች መጥተው ወሰዱት፤ ሁላችንም ምሥጢር ጠባቂነት ፈረምን። ከጊዜ በኋላ በሌላ እርባታ ያው ነገር በያው መንገድ መድረሱን ከሥራ ባልደረባ ሰማሁ። በገበያ የተመዘገበ ድርጅት ቢያንስ ቁጥሩን ያሳውቃል፤ አትላንቲክ ሳፋየር የተባለው የየብስ ሳልሞን አርቢ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 ፍሎሪዳ ውስጥ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ዓሣ እንዳለቀበት ዓለም ያወቀው በዚያ ምክንያት ነው። የዚያው ድርጅት የዴንማርክ እርባታ ደግሞ በዚያው ዓመት መስከረም በእሳት ወደመ። ለገበያው የሚሰጠው መግለጫ ግን የቧንቧን መታጠፊያ አይነግራችሁም። ለጎረቤት እርባታ የሚጠቅመው ደግሞ እርሱ ነው።

ስለዚህ ሥራ ስትፈልጉ ስለሞተባቸው ዓሣ ጠይቁ። አፍ አውጥቶ ከሚመልስላችሁ ጋር ሥሩ። ይህን የምለው እኔ ዛሬም የድርጅቱን ስም መጥራት ያልደፈርሁት ነኝ፤ ታዘቡኝ።

ሁሉ ነገር ግን ሞት አልነበረም። በዝግ ውኃ ያደገ ሳልሞን ሥጋው የአፈር ጠረን ይይዛል፤ ጂኦስሚን የሚባል፣ መጀመሪያ ዝናብ ሲወርድ ከምድር የሚሸተን ያው ነገር ነው። እንዲለቅቀው ከመታረዱ በፊት በንጹሕ ውኃ ያለ መኖ ለቀናት ይቆያል። እኔ ያንን ገንዳ ሁዳዴ እለው ነበር፤ ኖርዌያውያኑም ለመዱት፤ በአነጋገራቸው «ሁዳድ» ይሉታል። እናቴ በዐቢይ ጾም ዓሣ ይበላል አይበላም ብላ ከጎረቤት ጋር ስትከራከር የኖረች ሴት ናት፤ ዓሣው ራሱ ይጾማል ብላት አላመነችኝም።

ሳልሞን ለአገራችን ይሆናል ለምትሉኝ፣ አይመስለኝም። ውኃውን ቀንና ሌሊት ከ12 እስከ 14 ዲግሪ አካባቢ ማቆየት፣ ፓምፑን ለአፍታ አለማቆም፤ የመብራቱን ነገር ታውቁታላችሁ። ውኃ አጣርቶ የመመለሱ ጥበብ ግን ለቆሮሶ (ቲላፒያ) ጫጩት ማራቢያ ይጠቅማል። ዝዋይ ላይ መረብ የሚጥለው ወገናችን በሐይቁ ዓሣ ማነስ ሲያማርር ሰምቻለሁ፤ ለእርሱ የሚሆን ጫጩት የሚያወጣ ሰው ከእናንተ መካከል ቢገኝ ሳልሞኑን እተውላችኋለሁ።

ለጠያቂዬ ቁጥሩን በግል ጽፌላታለሁ። ኖርዌይ ከሄደች በመጀመሪያዎቹ ወራት የሌሊት ፈረቃ እንድትጠይቅ፣ ቋንቋውንም ከአሁኑ እንድትጀምር ነግሬአታለሁ። የሌሊት ተረኞቹ እንግሊዝኛ ማውራት አይወዱም።