አህያ የለኝም ለምትሉ ልጆቼ

ውድ ልጆቼ፣

ከ35 ዓመት በላይ በእንስሳት ሐኪምነት ሠርቼ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የማላስታጉለው ሥራ ቢኖር፣ በየማለዳው ከሽሮ ሜዳ ተነሥቼ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወስደውን ዳገት መውጣት ነው። በዚህ መንገድ ላይ ብዙዎቻችሁን አገኛችኋለሁ፤ አንዳንዶቻችሁም እርምጃችሁን ከእኔ ጋር አስተካክላችሁ የቤት ኪራይ መናሩን፣ ተመርቆ ያለ ሥራ መቀመጡን፣ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣችሁን ሐሳብ ታጫውቱኛላችሁ። ጭንቀታችሁን አላቃልለውም፤ እኔም በእናንተ ዕድሜ ደመወዜ ለወር አልደርስ ብሎኝ ጣራ እያየሁ ያነጋሁባቸው ሌሊቶች ጥቂት አይደሉም። ይሁን እንጂ ስንጨዋወት በአጠገባችን የሚያልፉትን እንስሳት ቀና ብላችሁ እንደማታዩአቸው ደጋግሜ ስላስተዋልኩ፣ ስለዚሁ ጉዳይ ልጽፍላችሁ ወደድኩ።

ባለፈው ጥር አንድ ማለዳ፣ ከሱሉልታ በኩል እህል ጭነው ተራራውን ተሻግረው ከሚወርዱት አህዮች መካከል አንዲት ዳለቻ አህያ፣ ጭነቷ ሳያጋድል እሷ ግን ወደ ግራ እያጋደለች ስትራመድ አየሁ። ነጂዋ ዕድሜው ከ14 የማይበልጥ ልጅ ነበር። አስቁሜው፣ አብረን ጭነቱን አውርደን፣ ከሥር የተነጠፈውን ጆንያ ቀስ ብዬ ብገልጠው ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ ኖሮ የደረቀውን መግል ይዞ ተነሣ። ጀርባዋ ላይ መዳፍ የሚያህል ገጣባ ነበረባት፤ ዙሪያው ፀጉሩ ተመልጧል፣ መካከሉ ቀልቷል፣ ዝንቡም ወዲያው ሰፈረበት። ልጁ ክው አለ። «አባባ፣ ምንም አላለችም እኮ!» አለኝ።

ይህ ልጅ ጨካኝ አልነበረም። አህያ ሕመሟን ዋጥ አድርጋ የምትሄድ እንስሳ ናት። ሰው አህያን ያላመደው ከ7 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በዚሁ በእኛው የአፍሪካ ክፍል ሲሆን፣ የዱር ዘመዶቿ ዛሬም በአፋር በረሃ ቁጥራቸው እጅግ ተመናምኖ ይኖራሉ፤ አውሬ በሚያደባበት ምድር ደክሞ መታየት መበላትን ስለሚያስከትል፣ ዝምታዋ ከእነዚያ የወረሰችው ነው። ስለዚህ የአህያን ጩኸት የሚጠብቅ ሰው ሁልጊዜ ዘግይቶ ይደርሳል፤ አረማመዷን፣ የጆሮዎቿን አጣጣል፣ እግሯን የምታሳርፍበትን መንገድ ማየት ያስፈልጋል። እህሏን ለሌሎቹ ሦስት አህዮች አካፈልነው። ለልጁም ቁስሉን ጨው በገባበት፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ እንዲያጥብላት፣ እስኪድን ድረስ ምንም እንዳይጭናት፣ ከዚያም በኋላ በአንድ ጆንያ ፈንታ ገለባ የተሞላ ኮርታን ግራና ቀኝ በጎኗ ላይ አሳርፎ የጀርባዋ አጥንት ነፃ እንዲሆንላት አሳየሁት።

«አህያም የለኝ፣ ከጅብም አልጣላ» ይላል የአገራችን ሰው። ይህን አባባል ከእናንተም አፍ ሰምቼዋለሁ፤ የከተማ ልጅ ስለ አህያ ምን አገባው ማለታችሁ ነው። እኔ ግን በአዲስ አበባ አህያ የሌለው ሰው አላውቅም፤ የምንበላው እህል፣ መኪና በማይገባበት ቅያስ ለተሠራ ቤት የገባው አሸዋ፣ አንድ ቦታ ላይ በእሷ ጀርባ ተጭኖ መጥቷል። ከጅቡም ቢሆን አልተለየንም። በትግራይ ጅቦችን ያጠኑ ተመራማሪዎች እንዳገኙት፣ በዐቢይ ጾም የሥጋ ትርፍራፊ ሲጠፋ ጅብ ከሌላው ጊዜ ይልቅ ወደ አህያ ፊቱን ያዞራል። የእኛን ጾም ዕዳ እሷ ትከፍላለች ብዬ ሳስብ ልቤ ይነካል።

ለበዓል ዶሮ ስትገዙ እግሯን አስራችሁ ቁልቁል አታንጠልጥሏት። ዶሮ እንደ እኛ ደረቷን ከሆዷ የሚለይ ጡንቻ ስለሌላት፣ ስትዘቀዘቅ የሆድ ዕቃዋ መተንፈሻዋን ይጫነዋል። ብብታችሁ ሥር አቅፋችሁ ውሰዷት።

የውሻን ነገር ግን ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ፤ እዚህ ላይ እኔ ራሴ ልሳሳት ነበርና። ወጣት ሐኪም ሳለሁ አንዲት እናት ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ መብላት ያቆመ ውሻ በገመድ አስራ አመጣች። በዚያ ሳምንት አእምሮዬ በራሴ ችግር ተይዞ ነበር። ውሻውን መርምሬ፣ የእብድ ውሻ በሽታን ጠርጥሬ፣ ተለይቶ እንዲታሰር አዝዤ ልሸኛት ስል፣ እጄን እየታጠብኩ ሳለ ከቀሚሷ ጀርባ የተሸሸገው ልጇ ክንዱን ሲያክ አየሁ። ከአራት ቀን በፊት ነክሶት ኖሯል። እኔ አልጠየቅሁም፤ እሷም ትንሽ ጭረት ናት ብላ ንቃዋለች። ልጁ በዚያው ዕለት ክትባት ጀምሮ ተረፈ፤ እኔ ግን ያንን ክንድ ባላየው ኖሮ እያልኩ እስከ ዛሬ እደነግጣለሁ።

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ ከመታየቱ በፊት ግን ብዙውን ጊዜ ሳምንታት ወይም ወራት ስለሚያልፉ መከላከል ይቻላል። ውሻ ከነከሳችሁ ወይም ከቧጨራችሁ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡት፤ ከዚያም ሳታድሩ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። የሰፈራችሁን ውሾች በድንጋይ ከማባረርና በመርዝ ከመግደል ይልቅ ተባብራችሁ አስከትቧቸው፤ ከ100 ውሾች 70ው ከተከተቡ በሽታው መዛመቻ ያጣል። ይህ ለሰው ብቻ የሚጠቅም አይደለም፤ በዓለም ላይ ከ500 ያነሱት ቀይ ቀበሮዎቻችን በባሌ ተራሮች በተደጋጋሚ በጅምላ የሞቱት ከቤት ውሻ በተላለፈባቸው በዚሁ በሽታ ነው።

ማየት ምን እንደሆነ ያስተማሩኝ አርብቶ አደሮች ናቸው። «ክፉ ቀን» በሚባለው የድሮ ዘመን የአገራችንን ከብት ፈጅቶ ሕዝቡን ለረሃብ የዳረገው የደስታ በሽታ፣ ከመቶ ዓመት በኋላም በአፋር መሸሸጊያ አግኝቶ ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ ያለ በረዶ ለሳምንታት የሚቆይ ክትባት ለአርብቶ አደሮቹ ተሰጥቶ፣ እነሱው ከትበው አጠፉት፤ በ2003 ዓ.ም. በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። በዚያ ዘመን አንድ አፋር ሽማግሌ፣ እኔ ደብተር ይዤ ስቆጥር፣ ከመቶ ከሚበልጡ ላሞች መካከል ያልተከተበችውን በጣቱ አሳየኝ።

ጭንቀት ዓይንን ወደ ውስጥ ያዞራል። አህያይቱን ባገኘሁበት ማለዳ እኔም የባለቤቴን ሕመም እያብሰለሰልኩ ነበር የወጣሁት፤ ሕመሙ አልቀረም፣ ነገር ግን ጭነቱን አውርደን ቁስሉን ስናይ በቆየንበት ሰዓት ሐሳቤ በልኩ ሆነልኝ። ስለዚህ ከእናንተ የምሻው ትንሽ ነው፦ በየዕለቱ በምትሄዱበት መንገድ ላይ አንድ እንስሳ ምረጡና፣ የሱቁ ደጃፍ ላይ የሚተኛው ውሻም ይሁን፣ ለአንድ ወር አረማመዱን፣ የሚበላውን፣ የሚፈራውን አጥኑ። ስንገናኝ ያያችሁትን ንገሩኝ።

ዳለቻዋን ባለፈው ሳምንት አገኘኋት። ልጁ ሳልጠይቀው ኮርታኑን አንሥቶ አሳየኝ፤ በገጣባው ቦታ ላይ ነጭ ፀጉር መብቀል ጀምሯል።