የጣሊያን ሳይክል የፔዳል አክሲስ ለምን ይላላል?

ወንድሜ፣ የአያትህ የጣሊያን ሳይክል በቀኝ በኩል የፔዳሉ አክሲስ (የፔዳል እጆቹ የሚዞሩበት፣ መሃል ላይ ያለው ዘንግ) ማሰሪያ እየላላ አስቸግሮህ «ሁሉንም በአዲስ ልቀይረው?» ላልከው፣ እባክህ እንዳትቀይረው! ዕቃው አልተበላሸም። የጣሊያን ቴላዮ (የሳይክሉ አካል) ላይ ማሰሪያው በሁለቱም በኩል ወደ ቀኝ ሲዞር ነው የሚጠብቀው፤ ስለዚህ ስትረግጥ ቀኙ ቀስ እያለ ራሱን ይፈታል። የእንግሊዝ ሳይክል ቀኝ ጎን ግን ተገላቢጦሽ ነው። «የእንግሊዝ ማሰሪያ ይገባል» ቢሉህም አትስማ፤ የጣሊያኑ ቀዳዳ 36 ሚሊ ስለሆነ ለእንግሊዙ ማሰሪያ ይሰፋዋል።

ማሰሪያውን ፍታው፣ ጥርሱን (እንደ ቡሎን የሚጠብቅበትን) በቤንዚን እጠብና አድርቀው፣ ኩሽኔታውን አዲስ ግራሶ ቀባ። እኔ የቀኙ ጥርስ ላይ የቧንቧ ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን ነጭ ቴፍሎን ሁለት ዙር ጠምጥሜ በኃይል አሰርኩት፤ ከአዘዞ ፒያሳ ድረስ ያን ሁሉ ዳገት ስመላለስ አልተነቃነቀም።

ለዳገቱ ደግሞ፣ ሰንሰለቱ የሚዞርበት የፊቱ ጥርሳም ጎማ የያዘው የፔዳል እጅ ካምፓኞሎ ኑዎቮ ሪኮርድ (የጣሊያን ሥሪት) ከሆነ ከ41 ጥርስ በታች ጎማ አይገባለትም፤ የኋላውን ትልቁን ጥርሳም ጎማ 26 ጥርስ አድርገው፣ ጉልበትህ ያመሰግንሃል።