ማን ይሙት ብላችሁ ከመጣላታችሁ በፊት

ባለፈው እትም ስለ ጌም ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የኳስ ጥያቄ ይጎርፋል ብዬ ስጠብቅ የመጣው ሌላ ነው። ግማሹ ደብዳቤ ቤተሰብና ጓደኛ ሰብሰብ ብሎ ስለሚጫወተው፣ ታሪኩ በተጫዋቹ ምርጫ ስለሚዞረው አስፈሪ ጌም ነው። ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ሲያዩት ፊልም ይመስላል። ጥቂት ሰዎች ተራራ ላይ ወይም ጫካ ውስጥ አንድ ሌሊት መውጫ ያጣሉ፣ የሆነ ነገር ያሳድዳቸዋል፣ እናንተ ደግሞ «ልሩጥ ወይስ ልደበቅ?»፣ «እውነቱን ልንገራት ወይስ ልዋሻት?» እያላችሁ ትመርጡላቸዋላችሁ። የሞተ ሞተ ነው። ታሪኩ ያለ እሱ ይቀጥላል። ከታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ለገና የአክስትና የአጎት ልጆች እኛ ቤት ይመጣሉ። አምስት እንሆናለን፣ ጆይስቲክ ግን አንድ ብቻ ነው። ሁላችንም መጫወት እንችላለን? ከየትኛውስ እንጀምር? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ትችላላችሁ። እንዲያውም አንድ መሆኑ ይሻላል፣ እጁ ባዶ የሆነ ሰው አፉ ይሠራል፣ የዚህ ጌም ግማሽ ደስታ ደግሞ ጩኸቱ ነው። በዚህ ዓይነት ጌም ከሁሉም በላይ የታወቀው ሱፐርማሲቭ ጌምስ የሚባል የእንግሊዝ ድርጅት ነው። «ዘ ዳርክ ፒክቸርስ» በሚለው ተከታታዩ ውስጥ «ሙቪ ናይት» የሚል አማራጭ አለ። እስከ አምስት ሰው ስሙን ያስገባል፣ የታሪኩን ሰዎች ትከፋፈላላችሁ፣ ከዚያ ተራ ሲደርስ ጌሙ ራሱ ጆይስቲኩን ለእገሌ ስጥ ይላችኋል። ማን ኦፍ ሜዳን (2019)፣ ሊትል ሆፕ (2020)፣ ሀውስ ኦፍ አሽስ (2021) እና ዘ ዴቪል ኢን ሚ (2022) አራቱም ይሄ አላቸው። አራቱም ላይ የምትጫወቱባቸው ሰዎች አምስት አምስት ናቸው። ለእናንተ የተሠራ ይመስላል።

እኔን ካላችሁ ሀውስ ኦፍ አሽስን ነው የምለው። ጊዜው 2003 ነው፣ ቦታው ኢራቅ። የአሜሪካና የኢራቅ ወታደሮች እየተታኮሱ እያለ መሬቱ ይከዳቸውና ከሥር የተቀበረ ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ውስጥ ይወድቃሉ። እዚያ ታች ያለው ነገር ደግሞ የየትኛውም ወገን አይደለም። እንግዲህ ከላይ ሲገዳደሉ የነበሩ ሰዎች ይተማመናሉ ወይስ አይተማመኑም? ይሄን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ፣ ክርክሩም እዚህ ላይ ነው የሚሞቀው። ሳሊም የሚባለው ኢራቃዊ የሚፈልገው ወደ ልጁ መመለስ ብቻ ነው፣ ሰው ሁሉ ይወደዋል። ከመካከላችሁ ቶሎ የሚቆጣ ካለ ሳሊምን ለእሱ እንዳትሰጡት። አምስት ስድስት ሰዓት ይፈጃል፣ ስለዚህ ዶሮው ከተበላ በኋላ ከጀመራችሁ ሌሊቱን በሙሉ ይበላዋል።

ከአምስት በላይ ከሆናችሁ ዘ ኳሪ (2022) እስከ ስምንት ሰው ያጫውታል። አንቲል ዶውን ደግሞ በ2015 ሲወጣ እንዲህ ያለ አማራጭ አልነበረውም። ግን ስምንት ወጣቶች ስላሉበት ሰው በገዛ እጁ ስም በወረቀት ላይ እየጻፈና እየተከፋፈለ ሲቀባበል ነው የኖረው። ረጅም ስለሆነ ለእሱ ሁለት ምሽት ያዙ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ሰው በሞተ ቁጥር ጌሙን አጥፍቶ «ከመጀመሪያው እንጀምር» ይላል። ሦስት ቅዳሜ አለፈ፣ መጨረሻውን አላየንም። ምን ይደረግ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ጆይስቲኩን ቀሙት! የምሬን ነው። ይሄ ጌም የተሠራው እንድትጸጸቱ ነው። አንቲል ዶውን ላይ ጌሙ በየደቂቃው ራሱ ሴቭ ስለሚያደርግ አንዴ የመረጥከውን ወደ ኋላ ተመልሰህ አታስተካክለውም። ሠሪዎቹ ረስተውት አይደለም፣ ሆን ብለው ነው። ስምንቱም ሊተርፉ ይችላሉ፣ ስምንቱም ሊሞቱ ይችላሉ። ዘ ኳሪ ደግሞ 186 ዓይነት መጨረሻ እንዳለው ሠሪዎቹ ራሳቸው ተናግረዋል። ይሄ ሁሉ መጨረሻ የተዘጋጀው ወንድምህ አንዱን «ትክክለኛ» መጨረሻ እንዲያገኝ ይመስልሃል? ሁሉም የተረፈበት ምሽት በነጋታው ይረሳል፣ አንዱ በሌላው ጥፋት የሞተበት ግን በየሠርጉና በየልደቱ ይወራል።

አንድ ሕግ አውጡ። የያዘው ይወስናል፣ ሌላው ይጮሃል። ማንም ከማንም እጅ አይነጥቅም፣ ሰው ከሞተ በኋላም «ብዬህ ነበር» የሚባለው አንዴ ብቻ ነው። ደግሞ አንድ ነገር አትርሱ፣ ብዙ ቦታ ላይ ምንም አለመምረጥ ራሱ ምርጫ ነው። ሰዓቱ እየቆጠረ እናንተ ስትጨቃጨቁ ካለቀ ጌሙ ዝም እንዳላችሁ ይቆጥረዋል። አንዳንዴ ይሄ ያድናል። ብዙ ጊዜ ግን ሰውዬው እንደ ሐውልት ቆሞ ይቀራል።

ወንድምህ በጭራሽ እሺ ካላለ ዘ ኳሪ ላይ ሦስት ሞት የሚያስመልስ አማራጭ አለ፣ መጀመሪያ አንዴ ስትጨርሱት ይከፈትላችኋል። አንዴ እስከ መጨረሻው ያለ ምንም መመለስ ተጫወቱ፣ በሁለተኛው ዙር ያሻውን ያድን።

ጥያቄ፦ እናቴ እንግሊዝኛ ብዙም አትችልም፣ ጆይስቲክ ነክታም አታውቅም። ግን ስንጫወት ከሶፋው ንቅንቅ አትልም፣ «በስመ አብ» እያለች እስከ መጨረሻው ታያለች። እሷንም ማስገባት ይቻላል? (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂንያ)

መልስ፦ በጣም ይቻላል፣ ደግሞም አለባችሁ። አንድ ሰው ለእሷ ስጧት። አንቺ ቁልፉን ትጫኛለሽ፣ እሷ ትወስናለች። በተለይ ዘ ኳሪ ላይ የቁልፍ ፍጥነት የሚጠይቁትን ቦታዎች ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ ራሱ እንዲያልፋቸው ማድረግ ትችያለሽ። ያኔ ሰው የሚሞተው ጣት ስለዘገየ ሳይሆን ስለተወሰነ ይሆናል፣ ለጀማሪ ይሄ ትልቅ ልዩነት ነው። የአማርኛ ጽሑፍ የለውም፣ ስለዚህ ጎኗ የሚቀመጥና ቶሎ ቶሎ የሚነግራት ሰው መድቡ። ሁለቱን ምርጫ ብቻ ይንገራት፣ ሌላውን ከፊታቸው ታነበዋለች። የታሪኩ ሰዎች ፊትና እንቅስቃሴ የተቀዳው ከእውነተኛ ተዋንያን ነው። አንቲል ዶውን ላይ በኋላ ኦስካር ያገኘው ራሚ ማሌክ አለ፣ ዘ ኳሪ ላይ ደግሞ ዴቪድ አርኬት።

እንደ ታዘብኩት ወላጆች ሁለት ነገር ላይ አይበገሩም። ሰዎቹ ለምን ተበታትነው ለየብቻ እንደሚሄዱ በጭራሽ አይገባቸውም፣ ትክክልም ናቸው። ሁለተኛ፣ ባለጌ ያሏትን ልጅ ለማዳን ጣታቸውን አያነሱም። «እናቷን እንዲያ የተናገረች? ትተዋት!» አለቀ። ጌሙም አንዳንዴ እንደዚህ ነው የሚያስበው፣ በመጀመሪያ ለሰው የተናገርሽው ቃል ኋላ ላይ ያ ሰው አንቺን ለማዳን ይመለሳል አይመለስም የሚለውን ሊነካ ይችላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። የአንቲል ዶውንና የዘ ኳሪ የመጀመሪያ ሰዓት ከፍርሃት ይልቅ የወጣቶች መሽኮርመም ነው፣ ወሬውም ግልጽ ነው። ከእናት ጋር ቁጭ ብሎ ማየት ያስጨንቃል፣ ሁሉም በአንዴ ስልኩን ማየት ይጀምራል። በዚያ በኩል ሀውስ ኦፍ አሽስ ይቀላል። ስድቡ አይጣል ነው፣ እሱን ግን ሳትተረጉሙ ማለፍ ትችላላችሁ።

ጥያቄ፦ ልጆቼ 9 እና 12 ዓመታቸው ነው። የትልልቆቹን ዘመዶቻቸውን ሲያዩ «እኛም» ብለው አስቸገሩኝ። ከእኔ ጋር ሆነው ቢጫወቱ ችግር አለው? (ከስቶክሆልም)

መልስ፦ አዎ፣ አለው። በአውሮፓ አንቲል ዶውንም ዘ ኳሪም 18 ተብለው ነው የተመደቡት፣ በአሜሪካም ለ17 እና ከዚያ በላይ ነው። ለወጉ የተለጠፈ ቁጥር አይደለም፣ አሟሟታቸው በቅርብ ነው የሚታየው፣ ያውም ልጅሽ ራሱ የመረጠው ምርጫ ያመጣው ሞት ይሆናል። ፊልም ላይ ያየውን ሊረሳው ይችላል፣ «እኔ ነኝ የገደልኳት» የሚለውን ግን ይዞት ይተኛል፣ አንቺም አትተኚም።

ፍላጎታቸው ግን መምረጥ ከሆነ ያለ ማሽን ይሠራል። መብራቱን አጥፊና ተረት ጀምሪ፣ ጅቡ በሩን ሲያንኳኳ አቁሚ። «ትከፍታለህ ወይስ በጓሮ ትወጣለህ?» ብለሽ ጠይቂ። ለአንዱ ፍየሏን ስጪው፣ ለሌላዋ ጦጣዋን። የመረጡት ምርጫ መጥፎ ከሆነ ጅቡ አንድ ነገር ይብላባቸው እንጂ አትራሪላቸው፣ ያለዚያ ጨዋታ አይሆንም። ትልልቆቹ ሳይቀሩ መጥተው ይቀመጣሉ።

ጥያቄ፦ ያለን አሮጌ ፕሌይስቴሽን 4 ነው፣ ሰፈራችን ደግሞ መብራት ይጠፋል። ያዋጣናል? ሌላው፣ አንቲል ዶውን ላይ «አትነቃነቅ» የሚለው ቦታ ሁሌ ይገድለናል። (ከአዳማ)

መልስ፦ ያዋጣል። ከላይ የጠራኋቸው ሁሉም ፕሌይስቴሽን 4 ላይ ይሠራሉ። ተጠንቀቁ፣ አንቲል ዶውን በ2024 እንደ አዲስ ተሠርቶ ወጥቷል፣ ያኛው ግን ለፕሌይስቴሽን 5 እና ለኮምፒውተር ብቻ ነው። እናንተ የ2015ቱን ፈልጉ፣ ዲስኩን ካገኛችሁ ደግሞ ብዙ ጊጋባይት ከማውረድ ትድናላችሁ። መብራት ቢጠፋ የምታጡት ጥቂት ደቂቃ ነው፣ ራሱ ሴቭ ያደርጋል ብያለሁ። ቅድም የመረጣችሁትን ግን መብራት መጥፋቱ አይሰርዝላችሁም፣ ብልጥ ነን ብላችሁ ሶኬት እንዳትነቅሉ።

«አትነቃነቅ» ሲል ጆይስቲኩ ውስጥ ያለው ሴንሰር የእጃችሁን ንቅናቄ ይለካል። ክርናችሁን ጉልበታችሁ ላይ አስደግፉ፣ ቀስ ብላችሁ ተንፍሱ። ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥም ይሠራል አሉ፣ እኛ ሰፈር ግን ያ ነውር ነው። ችግሩ ሁሌም ከጎን ያለው ሰው ነው። አንዱ ሊያስቃችሁ ይሞክራል፣ ሌላው ሆን ብሎ ያስነጥሳል። ያንን ሰው ለይታችሁ እወቁት፣ በሚቀጥለው ተራ እሱም ጆይስቲክ ይይዛል።

ጥያቄ፦ እህቴ ዱባይ ናት፣ እኔ እዚህ። በኢንተርኔት አብረን መጫወት እንችላለን? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ትችላላችሁ። ዘ ዳርክ ፒክቸርስ ላይ «ሼርድ ስቶሪ» የሚል የሁለት ሰው አማራጭ አለ። እንዲያውም ለሁለት ሰው እኔ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። አንዳንዴ አንድ ቦታ አብራችሁ ናችሁ፣ አንዳንዴ ግን፣ ለምሳሌ ታሪኩ መርከብ ላይ በሆነው ማን ኦፍ ሜዳን፣ አንቺ መርከቡ ታች ስትሆኚ እህትሽ ላይኛው ፎቅ ላይ ሌላ ነገር እያየች ነው፣ አንቺ ያላየሽውን። አንቺ ላይ ጭራቅ መስሎ የመጣው ነገር እሷ ጋ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቢው! ከዚህ በላይ ብናገር አበላሽብሻለሁ። ለዚህ ማን ኦፍ ሜዳን ይሻላል። እየተደዋወላችሁ ተጫወቱ፣ ግን መጀመሪያ ላይ ለአንድ ሰዓት ያህል ምን እንደምታዩ ላለመነጋገር ተስማሙ። ኔት ከተቆራረጠ ያናድዳል፣ ስለዚህ ኔቱ ቀለል የሚልበትን ሰዓት ምረጡ።

ጥያቄ፦ እኔ ብቻዬን ጨርሼዋለሁ። አሁን ጓደኞቼ ሊጀምሩት ነው። አብሬ ልጫወት ወይስ ይቅርብኝ? (ከቴል አቪቭ)

መልስ፦ አፍህን መያዝ ትችላለህ? ፊትህንስ? አንድ በር ሊከፈት ሲል ትራስ የምታቅፍ ከሆነ ሁሉም ይነቁብሃል። ከቻልክ ግን ግባ። አንተ ስትጫወት ቶሎ የሞተብህን ሰው ውሰድ፣ ከሞተበት በኋላ ያለው ታሪክ ለአንተም አዲስ ነው። «እዚህ ጋ ምን እናድርግ?» ብለው ሲጠይቁህ ደግሞ ተነስና ቡና አፍላ።