ጨው የላሰው ግድግዳ፦ ስለ ቤት ቀለም ለጠየቃችሁኝ

ሰላም ለናንተ ይሁን። ባለፈው እትም ስለ ቤት ቀለም ጥያቄ ያላችሁ ላኩልኝ ብዬ ነበር፣ አቤት ስልኬ፣ ሊፈነዳ ነው፣ ግማሹ የተላጠ ግድግዳ ፎቶ ነው። አብዛኛው ደሞ የመጣው ከአሽቀሎን፣ ከአሽዶድ፣ ከነታንያና ከሐደራ ነው፣ ያው እኛ እስራኤል ውስጥ ባህር ዳር የምንኖረው ሰዎች፣ ከተማዋን ማለቴ አይደለም። እኔም ሃያ ምናምን አመት እዚሁ ዳርቻ ላይ ሮለር ይዤ ስለከረምኩ ፎቶዎቹ ብዙም አልገረሙኝም። ሁሉንም መመለስ ስለማልችል ስድስቱን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ሰነበቱ። አሽቀሎን ሶስተኛ ፎቅ ነው የምንኖረው፣ በረንዳችን ፊት ለፊት ባህሩ ነው። አምና በሐምሌ ሰው አምጥተን የበረንዳውን ግድግዳ ሰማያዊ አስቀባነው፣ የከፈልነውም ቀላል ብር አይደለም፣ አሁን አመት ሳይሞላው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተነሳ ነው፣ ያልተላጠው ደሞ በእጄ ስነካው ነጭ ዱቄት ይለቃል። ለሰውየው ስደውል “ርካሽ ቀለም ስለገዛችሁ ነው” አለኝ። እውነት ቀለሙ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ መልሼ የጠየቅኩሽ ትዝ ይልሻል፣ ሰውየው በስንት ሰዓት ነበር የሚቀባው ብዬ። “ጠዋት ሌላ ቤት ስራ ስላለው ከምሳ በኋላ ነበር የሚመጣው” አልሽኝ። በቃ፣ ግማሹ መልስ እሱ ነው። በረንዳሽ ወደ ምዕራብ ነው የሚያየው፣ በሐምሌ ከምሳ በኋላ ያ ግድግዳ እጅ አያስይዝም። የውሃ ቀለም ማለት ውሃ ውስጥ የሚዋኙ ጥቃቅን የፕላስቲክ ጠብታዎች ናቸው፣ ውሃው ቀስ እያለ ሲሄድ እነሱ ይጠጋጉና ተጣብቀው አንድ ቆዳ ይሆናሉ። ግድግዳው ከጋለ ግን ውሃው ብን ብሎ ይጠፋና ጠብታዎቹ ሳይያያዙ ይቀራሉ። ምጣድ ከልክ በላይ ሲግል እንጀራው ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ፣ አይን ሳያወጣ ይደርቃል፣ ከላይ ሲያዩት የተጋገረ ይመስላል ግን እንጀራ አይደለም። ብዙ ጣሳ ላይ ከ35 ዲግሪ በላይ አትቀቡ ተብሎ ተፅፏል፣ ሰው ይሄን የአየሩ ሙቀት ብቻ ይመስለዋል፣ የግድግዳውም ጭምር ነው።

ሌላው ግማሽ ጨው ነው። ከባህሩ የሚመጣው ንፋስ ጨው ይዞ ይመጣል፣ በአይን አይታይም፣ ግን የበረንዳሽን መስታወት በጣትሽ አብሰሽ ቅመሺው። ያ ጨው ግድግዳው ላይም አለ። አየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ወደ 75 ፐርሰንት ሲደርስ ጨው ውሃ እየሳበ ራሱ መቅለጥ ይጀምራል፣ እዚህ ዳርቻ ላይ ደሞ በበጋ ሌሊት 75 ማለፍ የተለመደ ነው። ስለዚህ ጨው ላይ የተቀባ ቀለም በየሌሊቱ ከስሩ ይረጥባል፣ በየቀኑ ይደርቃል፣ እንዴት አይነሳ? ሰውየው ሳያጥብ ነው የቀባው፣ ይሄን ፎቶው ራሱ ይናገራል፣ የተነሳው ልጣጭ ጀርባው ላይ አቧራው እንዳለ ነው።

ዱቄቱ ግን ሌላ ነገር ነው። ፀሐይ ቀለሙን የሚያያይዘውን ማጣበቂያ እየበላችው ሲሄድ ዱቄቱ ብቻ ይቀራል፣ ይሄ በርካሽ ቀለም ላይና ለቤት ውስጥ የተሰራ ቀለም ውጪ ሲቀባ ቶሎ ይመጣል። ስለዚህ ሰውየው ሙሉ በሙሉ ዋሽቷል አልልም፣ ግን የራሱን ድርሻ ጣሳው ላይ አላኳል።

አሁን ምን ታደርጊያለሽ፣ የተነሳውን ሁሉ በስፓቱላ ፈግፍጊ፣ ቀሪው ላይ ፕላስተር ለጥፈሽ ባንዴ ንቀዪው፣ ቀለም ይዞ ከመጣ እሱም ይውረድ። ከዛ በጎማ ውሃና በሻካራ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች እጠቢው፣ በንፁህ ውሃ ደጋግመሽ፣ ሁለት ቀን ይድረቅ። ዱቄት የሚለቀው ቦታ ሁሉ የሚያያይዝ ፕራይመር፣ ከቀለሙ በፊት የሚቀባውን ማለቴ ነው፣ ይፈልጋል፣ ሱቅ ሄደሽ “የሶድ ኮሼር” በይ። ካሼር አይደለም፣ እሱ በሃይማኖት ለመብላት የተፈቀደ ማለት ነው፣ ኮሼር በይ፣ የሚያያይዝ ማለት ነው፣ አንዴ አብሮኝ የሚሰራ ልጅ ልኬ “ካሼር” ብሎ ጠይቆ ባለሱቁ ቀለም ልትበላ ነው እንዴ ብሎ ስቆበታል። ከዛ ለውጪ የተሰራ አክሪሊክ ሁለት እጅ። አንድ ሊትር አንድ እጅ ሲቀባ ወደ 10 ካሬ ይሸፍናል፣ ሰው ቀለም ለመቆጠብ ብሎ ሲያሳሳው ነው ፀሐይ የምትበላው።

ሰዓቱን ደሞ ከፀሐይ ጋር ድብብቆሽ አድርጊው፣ የምዕራቡን ጠዋት፣ የምስራቁን ከሰዓት፣ ሁሌ ጥላ ላይ ቅቢ። ማታ ደሞ ጀምበር ከመጥለቋ ሁለት ሰዓት ያህል ቀደም ብለሽ አቁሚ፣ ጤዛ ያልደረቀ ቀለም ላይ ከወረደ ነጠብጣብ ያወጣል። ወቅቱ ከፋሲካ በኋላ ወይ ከሱኮት (ከዳስ በዓል) በኋላ ዝናቡ ሳይጀምር ነው፣ ግን ፀደይ ላይ ሐምሲን፣ ያ አቧራማው የበረሃ ትኩስ ንፋስ፣ የነፈሰ ቀን ቁጭ ብለሽ ቡናሽን ጠጪ፣ አቧራው እርጥብ ቀለም ላይ ይለጠፋል።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ ከነታንያ ነኝ። ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት፣ ማማዱን፣ ከሮኬት የምንጠለልበትን ክፍል፣ የልጁ ክፍል ልናደርገው ነው፣ ችግሩ ጥጉ ላይና ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ጥቁር ሻጋታ አለ። ከኛ በፊት የነበረው ተከራይ ሁለቴ ቀብቶታል፣ እኔም አንዴ ቀባሁት፣ ክረምት ሲመጣ ተመልሶ ይወጣል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ። ሻጋታ ላይ ቀለም መቀባት ማለት መግል ላይ ፋሻ መጠቅለል ነው፣ ሁለት ሰው ሶስት ጊዜ ጠቅልሎታል። ማማድ ከባህረ ሰላጤው ጦርነት በኋላ በፈረንጆቹ 1992 አካባቢ ነው ለአዲስ ቤት ግዴታ የሆነው፣ ግድግዳው ወፍራም ኮንክሪት ስለሆነ ክረምት ላይ ውጪ ያለው ብርድ ወደ ውስጥ ይገባል፣ በተለይ ወደ ሰሜን ያለው። እናንተ ደሞ ውስጥ ትተነፍሳላችሁ፣ ወጥ ይሰራል፣ ልብስ ቤት ውስጥ ይሰጣል፣ ያ ሁሉ እንፋሎት ቀዝቃዛውን ግድግዳ ሲነካ ውሃ ይሆናል። ቀዝቃዛ ኮካ ከፍሪጅ ስታወጣ ጠርሙሱ እንደሚያልበው ማለት ነው። ቁም ሳጥኑ ጀርባ አየር ስለማይዞር እዛ ይብሳል።

አሰራሩ እንዲህ ነው። ባለቤትህ ሁለት ሶስት ቀን እናቷ ጋር ትሂድ። ማስክና ጓንት አድርግ፣ ሻጋታውን በደረቁ አትፈግፍገው፣ ብናኙ ቤቱን ሁሉ ይዞራል። አንድ እጅ ኤኮኖሚካ (በረኪና) ለሶስት እጅ ውሃ በጥብጥ፣ በስፖንጅ ቀባው፣ ሩብ ሰዓት ያህል ተወው፣ ከዛ አጥበህ አድርቀው። ደግሜ ደጋግሜ የምለው፣ ኤኮኖሚካን ከሽንት ቤት ማፅጃ አሲድ ጋር እንዳትቀላቅል፣ ይበልጥ ይገድለዋል ብሎ የቀላቀለ ሰው አውቃለሁ፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል፣ ሰውየውን አምቡላንስ ነው ያወጣው። ግድግዳው በደንብ ከደረቀ በኋላ ፀረ ሻጋታ የተባለውን ቀለም ሁለት እጅ፣ ኮርኒሱንም ጨምር፣ ሰው ኮርኒሱን ይረሳና ሻጋታው ከላይ ይወርድበታል።

የማማዱ በርና መስኮት ዙሪያ ያለው ጥቁር ላስቲክ ላይ ግን ቀለም እንዳይነካ ወረቀት ለጥፍበት። ያ ላስቲክ ነው አየር የሚዘጋው፣ ቀለም ከጠጣ ይደርቅና ይሰነጠቃል፣ ሮኬት በሚመጣበት ቀን የምታውቀው ነገር እንዳይሆን። ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው አንድ መዳፍ ያህል አርቀው፣ ጠዋት ጠዋት መስኮቱን ሩብ ሰዓት ክፈት፣ ልብስ እዛ ክፍል አይሰጣ። ይሄን ካላደረግክ ቀለሙ አንድ ክረምት ነው የሚቆየው።

ጥያቄ፦ የመስኮት ሶራጋችን (የብረት ፍርግርጉ) ዝጎ ነጩን ግድግዳ ቡናማ እንባ አስለቀሰው። በረንዳው ጣሪያ ላይ ደሞ ስሚንቶ ተቆርሶ ብረት ወጥቷል፣ ሁለቱንም ባንዴ ልታስቀባልኝ ትችላለህ? የአሽዶድ እናት።

መልስ፦ እማማ፣ ሶራጉን አዎ፣ ጣሪያውን አይሆንም። ከጣሪያው ልጀምር። ኮንክሪት ውስጥ ያለው ፌሮ ጨውና እርጥበት ሲደርሰው ይዝጋል፣ ዝገት ደሞ ከብረቱ ይልቅ ብዙ ቦታ ስለሚይዝ ስሚንቶውን ከውስጥ ገፍቶ ያፈርጠዋል። እሱን ልስን ሞልቼ ብቀባልዎት አንድ አመት ያምራል፣ ከዛ አንድ ቀን ሰው ራስ ላይ ይወድቃል። ለዋአድ ባይቱ፣ ለህንፃው ኮሚቴ፣ ይንገሩ፣ ኢንጂነር ይምጣ፣ እስከዛ ልጆች ከስሩ አይጫወቱ።

ሶራጉን በሽቦ ብሩሽ ዝገቱን አስለቅቀው በንፁህ ውሃ ያሳጥቡት፣ ጨው ያለበት ብረት ላይ የተቀባ ቀለም ከስር መዛጉን አያቆምም። ቤቱ የቆየ ከሆነ አንድ ነገር ልንገርዎት፣ ድሮ ሚኒየም የምንለው ቀዩ ፀረ ዝገት እርሳስ ያለበት ነበር፣ ስለዚህ በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አይፈገፈግ፣ እያረጠቡ ነው፣ የልጅ ልጆችም ዘወር ይበሉ። ከደረቀ በኋላ ፀረ ዝገት አንድ እጅ፣ ከዛ የዘይት ቀለም ሁለት እጅ። ቀለም ስለታም ጠርዝ ላይ ስለሚሸሽ ሰራተኛው መጀመሪያ ጠርዙንና ብረቱ ከግድግዳ ጋር የሚገናኝበትን በትንሽ ብሩሽ ይቀባ፣ ዝገት ሁሌ የሚጀምረው ከዛ ነው፣ ውሃ የሚቋጥርበት ታች።

ጥያቄ፦ የኛ ዋአድ ባይት ህንፃውን ጥቁር ግራጫ ሊያስቀባው ነው፣ ዘመናዊ ነው ይላሉ። እኔ ብቻዬን እየተቃወምኩ ነው፣ ልክ ነኝ?

መልስ፦ ልክ ነህ፣ ይሄን ፅሁፍ ስብሰባው ላይ አንብብላቸው። ጥቁር ቀለም ፀሐይን ይጠጣል፣ ግድግዳው ቀን ይለጠጣል፣ ማታ ይሸበሸባል፣ ሻሊኽቱ (የውጪው ልባስ) ላይ ቀጫጭን ስንጥቅ ይወጣል፣ በዛ ስንጥቅ ክረምት ላይ ውሃ ይገባል። መዝጋኑም (የአየር ማቀዝቀዣው) ይሰቃያል፣ የመብራት ሂሳቡን እነሱ ይክፈሉልህ። ነጭና ክሬም አሰልቺ ነው ካሉ ከአፈር የሚመጡት ቀለሞች አሉ፣ እንደ ሸክላ ቀይ፣ እንደ አፈር ቢጫ፣ እነዚህ ከብረት ዝገት የሚሰሩ ስለሆኑ ፀሐይ ብዙም አትነካቸውም። ደማቅ ቀይና ደማቅ ቢጫ ግን ብዙ ጊዜ በጥቂት በጋ ይገረጣሉ። ግራጫው የግድ ከሆነ መግቢያው በር ላይ ጥላ ስር ይቀቡት።

ጥያቄ፦ እናቴ ሐደራ ነው ያለችው፣ ምድር ቤት፣ ትንሽ ግቢ አላት። ግቢውን በኖራ ካልቀባሁ ትላለች፣ ወንድሜ ይስቅባታል። ትቅባ ወይስ ፕላስቲክ ቀለም እንግዛላት?

መልስ፦ ወንድምሽ አይሳቅ። የኔም እናት ጎንደር ገጠር እያለን ለበዓል ቤቱን በነጭ አፈር ትቀባው ነበር፣ ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። እዚህም ሀገር ቢሆን ፕላስቲክ ቀለም ሳይመጣ በፊት ቤቱ ሁሉ በሲድ ነበር፣ ሲድ ያው ኖራ ነው። ኖራ ከአየር ጋር ሲገናኝ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል፣ ይተነፍሳል፣ ግድግዳው ውስጥ ያለውን እርጥበት አይዘጋበትም፣ ሻጋታም አይወደውም።

ግን አንድ ነገር አጣሩ፣ ግድግዳው በፊት ፕላስቲክ ቀለም ተቀብቶ ከሆነ ኖራው አይዝም፣ ይረግፋል። ባዶ ልስን ወይ አሮጌ ኖራ ከሆነ በባልዲ የሚሸጠውን የራሰ ኖራ ገዝታችሁ እንደ ወተት እስኪሆን በውሃ አቅጥኑት፣ በጨርቅ አጥሩት፣ ግድግዳውን አረጥቡ፣ ጥላ ላይ በሰፊ ብሩሽ ስስ አድርጋችሁ ሶስት አራት ጊዜ ቀቡ። ሲቀቡት ውሃ ይመስላል፣ ምንም አልሸፈነም ብላችሁ አታወፍሩት፣ በማግስቱ ነው የሚነጣው። እናትሽ መነፅር ታድርግ፣ ኖራ አይን ያቃጥላል፣ አዛውንት ደሞ መነፅር አድርጊ ስትባል “ድሮ ያለ መነፅር ነው የቀባሁት” ማለቷ አይቀርም፣ እሺ አትበዪያት። በየአመቱ ወይ በየሁለት አመቱ መድገም አለ፣ እሷ ግን የምትፈልገው እሱን ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ሳሎናችን ኮርኒሱ በቡና ጭስና በእጣን ቢጫ ሆኗል፣ ነጭ ስንቀባው ቢጫው እንደገና ወደ ላይ ይወጣል። ቡናውን እናቁም?

መልስ፦ የጭስ ቅባት በውሃ ቀለም ውስጥ አልፎ ይወጣል፣ አስር ጊዜ ብትቀቡትም። መጀመሪያ በሳሙና ውሃ እጠቡት፣ ከዛ እድፍ የሚዘጋ ፕራይመር አንድ እጅ፣ ከዛ ነው ነጩ። ቡናውን እንኳ እኔን አትጠይቁኝ፣ መስኮቱን ክፈቱ።