«የባሌ ስፐርም ትንሽ ነው ተባለ፣ ባጃጁን ሸጠን አዲስ አበባ እንሂድ?» ላልሽው እህት

እህቴ፣ ገና አትሽጡ። «አንዴ ተመርምሮ ቀጥታ ኢክሲ (ውዱን የመካንነት ሕክምና) አሠሩ አሉን» ያልሽውን ሳነብ የራሴን ታሪክ የጻፍሽው መሰለኝ። እኔም የጅማ ልጅ ነኝ፣ እኔም ባጃጅ ነበረኝ።

1. ባልሽ ድጋሚ ይመርመር። የእኔ የመጀመሪያ ወረቀት በሚሊሊትር 5 ሚሊዮን፣ የሚንቀሳቀሰው 12 በመቶ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዝቅተኛ መነሻ 16 ሚሊዮንና 42 በመቶ ነው፤ ስለዚህ ወደቅሁ። ግን ከስድስት ሳምንት በፊት ወባ አልጋ ላይ ጥሎኝ እንደነበር ማንም አልጠየቀኝም። ስፐርም ተሠርቶ እስኪወጣ ሦስት ወር ገደማ ይፈጃል፣ ኃይለኛ ትኩሳት ደግሞ ሊቀንሰው ይችላል። ባልሽ ሰሞኑን አሞት ነበር?

2. ናሙናውን እዚያው ምርመራው ቦታ ይስጥ፣ ከቤት ይዞ አይሂድ። እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው። «ክፍል የለንም፣ ቤትህ ሄደህ አምጣ» አሉኝ። ከጅሬን በዝናብ ወረድኩ፣ ዕቃው በፌስታል ተጠቅልሎ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ እንደ በረዶ ቀዝቅዟል። ደርሼም ካርድ፣ ክፍያ፣ ወረፋ። ከዚያ ባለሙያዋ በመስኮት ብቅ ብላ «የዘር ፈሳሽ ያመጣው ማነው?» ብላ ጮኸች። ኮሪደሩ ጢም ብሏል፣ ወንበሩ ላይ የባለቤቴ አጎት ተቀምጠዋል! ሦስተኛ ስትጠራ ነው እጄን ያነሳሁት። በሰውነት ሙቀት ተይዞ በአንድ ሰዓት ውስጥ መታየት ያለበት ነገር ሁለት ሰዓት ሙሉ አለፈው።

3. ሕክምናውን የሚመርጥላችሁ ይኸው የስፐርም ቁጥር ነው። ላብራቶሪ ውስጥ ታጥቦ የሚቀረው ተንቀሳቃሽ ስፐርም በርከት ካለና ያንቺ የማህፀን ቱቦ ክፍት ከሆነ መጀመሪያ አይ ዩ አይ ይሞከራል፤ የታጠበውን ስፐርም በቀጭን ቱቦ ማህፀን ውስጥ ማስገባት ነው። በጣም ካነሰ ኢክሲ ነው፤ አንዷን ስፐርም በመርፌ እንቁላሉ ውስጥ ማስገባት። የዋጋው ልዩነት አይወራ። እኛ በዚያች የቀዘቀዘች ዕቃ ኢክሲ ተባልን፣ ባጃጁን ሸጥኩ። ከአራት ወር በኋላ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ከግንኙነት ታቅቤ እዚያው ሰጠሁ፦ 31 ሚሊዮን፣ 48 በመቶ። ሐኪሙ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጦ ሳቀ። እኔ ግን ባጃጄ ትዝ አለኝ።

ሁለተኛው አይ ዩ አይ ያዘ። ልጃችን ዛሬ ጫማዬን እየደበቀች ከሥራ ታስቀረኛለች።

እውነቱን ለመናገር ግን ጥፋቱ የላብራቶሪው ብቻ አይደለም። ሦስት ዓመት ባለቤቴ ብቻዋን ስትመላለስ፣ ቱቦዋ በራጅ ሳይቀር ሲታይ፣ እኔን የነካኝ የለም፤ እኔም ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ። ያንቺው ገና ሳይለመን መመርመሩ ከእኔ ይሻላል።

ሁለተኛውም ውጤት ካነሰ ሂዱ፣ ጊዜ አታባክኑ፤ ከመንግሥት ሆስፒታሎች አዲስ አበባ ያለው ጳውሎስ የመካንነት ሕክምና ማዕከል አለው። አሁን ግን ያንን ወረቀት አውጪና እዪው፦ ናሙናው የተሰጠበት ሰዓትና የታየበት ሰዓት ተጽፏል? የእኔ ላይ ሁለቱም ባዶ ነበሩ።