ጳጉሜን የማያውቀው ኮምፒውተር

የእህቴ ልጅ ሜክሲኮ አካባቢ ያለ አንድ ድርጅት የውስጥ ኦዲተር ናት። ባለፈው እሁድ ቡና እየጠጣን፣ "ጋሼ፣ መሥሪያ ቤታችን ያስገባው ኤአይ አንድ ሠራተኛ ጠረጠረ። በምን እንደጠረጠረው ግን አይናገርም። ሪፖርቱ ላይ ልፈርም?" አለችኝ። ስኒዬን አስቀመጥኩ። ለእናንተም የምጽፈው ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ነው።

1992 የበጀት ዓመት ነው። ቢሯችን ከቸርችል ጎዳና ገባ ብሎ ነበር። የግምጃ ቤቱ ሒሳብ ኮምፒውተር ውስጥ የገባው ያን ዓመት ነው። ማሽኑ ያለበት ክፍል፣ እንደ ቤተ ክርስቲያን፣ ጫማ አውልቀን ነበር የምንገባው። ሰኔ መጨረሻ ቆጠራ ተደረገ። ኮምፒውተሩ ጎማና ባትሪ ጎድሏል አለ።

የግምጃ ቤቱ ኃላፊ በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። "ልጄ፣ ዕቃው በሞዴል 22፣ በወጪ ደረሰኙ ወጥቷል። ጥራዙን ገልጠህ እይ" አሉኝ። ጥራዙ ካርቶን ውስጥ ነበር፤ ከወንበሬ አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። እኔ ግን "አባቴ፣ ኮምፒውተር አይዋሽም" ብዬ የጉድለቱ ሪፖርት ላይ ፈረምኩ። ከሥራ ታገዱ።

ጉዱ የወጣው ከወራት በኋላ ነው። ፕሮግራሙ ከውጭ የመጣ ነው፤ ዓመት ማለት ለእሱ 12 ወር ነው። ጳጉሜን ሲጻፍለት አይቀበልም። መዝጋቢዋ እምቢ ያላትን ወረቀት ወደ ጎን እያደረገች ቀጥላለች። የ1991 ጳጉሜን ደግሞ ስድስት ቀን ነበረች። ጎማውና ባትሪው ለየቅርንጫፉ የተከፋፈለው በእነዚያ ቀናት ነው። ካርቶኑን ስከፍት የተረካቢዎቹ ፊርማ ሳይቀር ቁጭ ብሏል።

ሥራቸው ተመለሰላቸው። ብዙም ሳይቆዩ ጡረታ ወጡ። አንድ ቀን ፒያሳ፣ ጊዮርጊስ ፊት ለፊት ተገናኘን። ቀድመው ሰላም አሉኝ። ይቅርታ ልል ስል የልጆቼን ደኅንነት ጠይቀውኝ መንገዳቸውን ቀጠሉ። (እዚያ ማኪያቶ የምንጠጣበት ቤት ዛሬ የለም። የድሮዋ ፒያሳስ የታለች?)

የእኔ ሞኝነት ብቻ እንዳይመስላችሁ። የእንግሊዝ ፖስታ ቤት፣ በፈረንጆቹ 1999 ባስገባው ሆራይዘን የሚባል የሒሳብ ሶፍትዌር የተነሳ፣ በሌለ ጉድለት ስንቱን የቅርንጫፍ ኃላፊ ወህኒ አውርዷል። ጥፋተኛ የተባሉት ከ900 በላይ ናቸው። ሆራይዘን እንኳ ደማሪና ቀናሽ ነበር። የዛሬው ቻትጂፒቲ የሚባለው ኤአይ ግን ቀጣዩን ቃል እየገመተ ነው የሚጽፈው። ሲሳሳትም አንደበቱ አይሰናከልም።

እናንተ የዛሬ ልጆች ደግሞ ስክሪን ላይ ያላያችሁትን አታምኑም። ካርቶን መክፈት ያስጠላችኋል። ይህን እላለሁ እንጂ የዕድራችንን ደብዳቤ የሚያሳምርልኝ ኤአይ ነው። ሳላነብ የላክሁበትም ቀን አለ።

የእህቴን ልጅ "ሰውዬውን ጠርተሽ ስሚው፣ ወረቀቱንም በእጅሽ ያዢ" አልኳት። "አለቃዬ ሰኞ ይፈልገዋል" አለች። ሰኞ አለፈ። ዛሬ ሁለቴ ደወልኩላት፤ አላነሳችም።