በር ሲዘጋባችሁ፦ ለወጣት ጋዜጠኞች

የተመድ የሰብአዊ መብት ባለሥልጣን ችግር አለበት ወደሚባል አካባቢ ሊሄድ ነው ሲባል፣ ጋዜጠኛው ሁሉ የመግቢያ ባጅ ፍለጋ ይሯሯጣል። ባጅ ካልተገኘ «በቃ፣ ዜና የለም» ይባላል። እኔ አልስማማም። ማን ከለከለ፣ ምን ምክንያት ሰጠ፣ ማንስ ገባ? ዜናው እዚያ ጋ ነው የሚጀምረው።

በወቅቱ የተመድ የሰብአዊ መብት ከፍተኛ ኮሚሽነር የነበሩትን የሚሼል ባችሌትን የቻይና ጉዞ ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በሜይ 2022 ሙስሊሞቹ ኡይጉሮች ወደሚኖሩበት የሺንጂያንግ ክልል ገቡ፤ ኡሩምቺንና ካሽጋርን ጎበኙ። የውጭ ጋዜጠኛ ግን አብሯቸው አልነበረም። ምክንያቱ ኮቪድ ነው ተባለ። መጨረሻ ላይ ከጓንግዡ በኢንተርኔት መግለጫ ሰጡ። ጉብኝቱ ምርመራ እንዳልሆነ የተናገሩት ራሳቸው ናቸው። እኔ ኤዲተር ብሆን ይህቺን ነገር የዜናው አናት ላይ ነበር የማስቀምጣት።

ጽሕፈት ቤታቸው ስለ ሺንጂያንግ ያዘጋጀው ሪፖርት የወጣው በዚያው ዓመት ኦገስት 31 ማታ፣ የሥራ ዘመናቸው ሊያበቃ ደቂቃዎች ሲቀሩት ነው። በኡይጉሮች ላይ የደረሰው በሰብአዊነት ላይ የተፈጸመ ወንጀል ሊሆን ይችላል አለ። ክብደት የሰጠው ጉብኝቱ እንዳይመስላችሁ። የቻይና መንግሥት የራሱ ሕጎችና ሰነዶች፣ የሳተላይት ምስል፣ የ40 ሰዎች ቃል ነው። ይህን ለማንበብ ባጅ አያስፈልግም።

ዕድል ቀንቷችሁ ከገባችሁ ደግሞ ንግግሩን ብቻ አትጻፉ። መኪናውን የመደበው ማን ነው? አስተርጓሚው የማን ሰው ነው? እስረኛው ሲናገር ኃላፊው ወጣ ወይስ በሩ ጋ ቆሞ ስልኩን ይነካካ ነበር? ግድግዳው አዲስ ቀለም ይሸታል? የተመድ ልዩ ራፖርተሮች፣ ማለትም ሰብአዊ መብትን የሚከታተሉ ገለልተኛ ባለሙያዎች፣ የሚጓዙበት የተጻፈ ደንብ አለ፤ እንደልብ መንቀሳቀስን፣ ምስክርን ያለ ተቆጣጣሪ ማነጋገርን፣ ያነጋገሩት ሰው እንዳይጠቃ ዋስትናን ይጠይቃል። መግለጫው ላይ አንድ በአንድ እያነሳችሁ «ይሄ ተከብሯል ወይ?» በሉ። ደረቅ ጥያቄ ይመስላል፤ መልሱ ግን ብዙ ጊዜ ከመግለጫው ይሻላል።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን (ኢሰመኮ) እና የተመድ የሰብአዊ መብት ጽሕፈት ቤት ስለ ትግራይ ጦርነት በጋራ ያወጡትን የኖቬምበር 2021 ሪፖርት ክፈቱ። ከ260 በላይ ቃለ መጠይቅ አለበት። ሰው ሁሉ በድምዳሜው ሲጨቃጨቅ ከረመ። መርማሪዎቹ መድረስ ስላልቻሉባቸው ቦታዎች የሚናገረውን ክፍል ያነበበው ስንቱ ነው? እኔ ሁልጊዜ ከዚያ ነው የምጀምረው።

አንድ ነገር ላይ ግን አትቸኩሉ። እናንተ አውሮፕላን ትሳፈራላችሁ፤ ሹፌሩና ቡና ያፈላችላችሁ ሴት እዚያው ይቀራሉ። ፊታቸውን፣ ድምፃቸውን፣ የግቢያቸውን በር ሳይቀር ከቪዲዮው አውጡ። አለቃችሁ «ፊት ከሌለማ ማን ያየዋል» ቢላችሁ ተከራከሩ። እምቢ ካለ ስቶሪው ይቅር።